ጋሼ አስናቀው ስምንት ዶሮዎችን እንዳስተኙ

በዘመነ ማርቆስ፣ የግቢው መብራት ቆጣሪ በተቀየረ በሦስተኛው ዓመት፣ መዋዒ ዘኢይትመዋዕ፣ ሥዩመ ጀሪካን፣ ወልደ ጎጃም፣ ጋሼ አስናቀው፣ ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ ባለችው የአራት አባወራ ግቢ በሁለት ክፍል ቤት ላይ በነገሡ በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ወርኃ ጥቅምት በባተ በዐሥረኛው ቀን፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ስምንት ዶሮዎች ሲመሽ ቤታቸው ገብተው እንዲተኙ ሊያስተምሩ ተነሡ። የዚህ ዜና መዋዕል ጸሐፊም ዐይኑ ያየውን ጻፈ፤ ያላየውን ከቧንቧው ወረፋ ሰማ።

የዘመቻው መነሻ እንዲህ ነው። ልጃቸው ፀደንያ ተድራ ከሄደች ወዲህ ባለቤታቸው እትዬ ሠርኬ ቤቱ ኦና ሆኖባቸው ነበርና፣ ስምንት ጫጩት ገዝተው በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ አልጋ ሥር አሳደጉ፤ በየስማቸው ይጠሯቸው፣ ሲያስነጥሳቸውም «ይማርሽ» ይሏቸው ጀመር። ወደዷቸው፤ ሌላ ምን ይባላል። ጫጩቶቹ ግን አደጉ፣ ካርቶኑም ጠበበ፣ ጋሼ አስናቀውም አንድ ማለዳ ሲነቁ ዶሮ ደረታቸው ላይ ሰፍራ አገኙና፣ የውጭ ቤት ይሠራላቸው ሲሉ ፈረዱ።

ስለዚህ ከመርካቶው የጀሪካን ሱቃቸው የወጣውን አሮጌ ባንኮኒ አምጥተው፣ ፊቱን በሽቦ ወንፊት ጋርደው፣ የመጥረጊያ እንጨት ለቆጥነት አጋደሙበት። በፊቱም ሠራዊቱ ተሰለፈ፦ ቀዳሚት ገብስማዪቱ፣ ጥሬ ባየች ቁጥር ፊታውራሪ የምትሆን፤ ሁለቱ ወሰራዎች፣ ሳይነካከሱ ውለው የማያውቁ፤ ሦስቱ ቀያዮች፣ ከእትዬ ሠርኬ በቀር ማንም የማይለያቸው፤ ነጩ ጎረምሳ፣ ሊጮህ ሲል ድምፁ የሚሰነጠቅበት፤ በመጨረሻም አንገተ መላጣዋ፣ ሁልጊዜ ኋላ ቀሪ፣ ሁልጊዜም የምታስብ የምትመስል።

ሰኞ ባንኮኒው ከቧንቧው አጠገብ ቆመ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ንጉሠ ጀሪካን ብቅ ብለው ዐዋጅ ነገሩ፦ «ግቡ! ግቡ እንጂ! እናንተን እኮ ነው!» ሠራዊቱ ግን ቤቱ ምን እንደሆነ ገና አላወቀምና በየማዕዘኑ ተበተነ፤ እርሳቸውም ነጠላ ጫማቸው እያዳለጣቸው፣ አንድ በአንድ እየያዙ አስገቡ። ዶሮዎቹም እዚያው አደሩ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ጋሼ አስናቀው ልብ አላሉትምና።

መርካቶ ሠላሳ ዓመት የነገደ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ዕቃ አልሄድ ሲል ጥፋቱ የቦታው ነው። ጓዳ ውስጥ ዓመት የከረመ ጀሪካን በር ላይ ሲወጣ በሰዓቱ ይሸጣል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት «ቦታው ገበያ የለውም» ብለው ባንኮኒውን ተሸክመው ከግቢው በር አጠገብ ተከሉት። ሲመሽ ዶሮዎቹ በሰዓታቸው ተሰብስበው ቧንቧው ሥር ተኙ። ወይ ድፍረት! እርሳቸውም ለቃቅመው ወደ አዲሱ ቦታ አስገቧቸውና፣ ረቡዕ ባንኮኒውን ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ ዙህራ ደጃፍ አዞሩት፤ የዚያን ዕለት ዶሮዎቹ የግቢውን በር ዘግተው ተኙና፣ ሌላው ጎረቤታቸው ደላላው ይገረም ከአውቶቡስ ተራ ደክሞት ሲመለስ ገብስማዪቱን ረግጦ፣ ከእርሷ ይልቅ እርሱ ጮኸ። እንደገና ለቀማ። ሐሙስ ባንኮኒው ወደ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ተሰደደ፤ ሠራዊቱም እትዬ ዙህራ ደጃፍ ላይ፣ በአዲሱ የሻርፕ ቦንዳ ጫፍ ላይ ሰፈረ፣ ኩሱንም ጣለበት፤ ዳግመኛም ተለቅሞ ወደ ባንኮኒው ገባ።

እትዬ ዙህራ የወሎ ልጅ፣ ሻርፕ ነጋዴ፣ ድምፃቸው እስከ በርበሬ በረንዳ የሚሰማ ናቸው። ዐዋጅ አስነገሩ፦ «ጋሼ አስናቀው፣ በአላህ ይሁንብዎት! ሻርፕ ልሽጥ ኩስ? እስከ ቅዳሜ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በገዛ እግራቸው ካልገቡ፣ እሑድ ይታረዳሉ። አበቃ!» ግቢው የሽንት ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ይቀመጥ በሚለው ሰባት ዓመት ተከራክሮ ያልተስማማ ግቢ ነው፤ በዚህ ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይበርድ ተስማማ። አራቱን ሙስሊሞቹ፣ አራቱን ክርስቲያኖቹ ያርዱ፣ በማንም ድስት ማንም አይከፋ ተባለ። እሰይ፣ መቻቻል እንዲህ ነው እንጂ! እትዬ ሠርኬ ይህን ሰምተው ጓዳ ገቡና አለቀሱ። ጋሼ አስናቀውም እንባውን አዩ፤ ዶሮዎቹን ካላዳኑ ያ ቤት ደግሞ ዝም ሊል ነው።

ከሐዘናቸውም ብዛት ዓርብ ጠዋት ባንኮኒውን አንሥተው፣ ምን ያደርጋሉ፣ አዛወሩት። አሁን ከራሳቸው መስኮት ሥር ነው፤ ለእርሳቸው ሚዛን የግቢው ምርጥ ቦታ። ሲመሽ ዶሮዎቹ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር ተኙ። ያን ጊዜ እትዬ ሠርኬ ዐይናቸው እንዳበጠ ወጥተው ዶሮዎቹን አዩ፣ ባንኮኒውን አዩ፣ ባላቸውንም አዩ፤ ግቢው የሰማውንም ዐዋጅ ዐወጁ፦ «አንተ ሰውዬ! እነሱ መች ጠፉ፣ ቤቱ ነው እንጂ የጠፋባቸው! ትናንት ያሳደርካቸው ቦታ ነው እኮ የሚሄዱት! ከእንግዲህ ይህችን ባንኮኒ ንክት ታደርጋትና፣ ውርድ ከራሴ!»

እነሆ ታወቀ። ዐመፀኛ የተባሉት ስምንቱ ከግቢው ሰው ሁሉ ይልቅ ታዛዥ ነበሩ፤ ጋሼ አስናቀው ማታ ያስተማሯቸውን ጠዋት ራሳቸው ያፈርሱት ነበር። በዚያችም ምሽት ስምንቱ በእትዬ ሠርኬ እጅ መስኮቱ ሥር ገብተው፣ ቤታቸውን እንዲለምዱ እስከ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተዘግቶባቸው ቆዩና ተለቀቁ።

ቅዳሜ፣ ፍርዱ በሚደርስበት ሰዓት፣ ግቢው ወጥቶ ቆመ። ጋሼ አስናቀውም በሚስታቸው ትእዛዝ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ገብስማዪቱ ገባች። ወሰራዎቹ እየተነካከሱ፣ ቀያዮቹ ተከታትለው፣ ጎረምሳው ተንጎራድዶ ገቡ። አንገተ መላጣዋ በሩ ላይ ቆመች። አንድ እግሯን አነሣች፤ አሰበች። ጋሼ አስናቀውም ባንኮኒው ትንሽ፣ አንድ ስንዝር ብቻ፣ ወደ ግራ ቢሆን እንዴት እንደሚያምር ታያቸው፤ ላብ አጠመቃቸው፤ ጣቶቻቸው ተንቀሳቀሱ፤ ቀኙን እጃቸውን በግራው ያዙት። አንገተ መላጣዋም ገባች። እትዬ ዙህራ ከሁሉ ቀድመው እልል አሉ፤ እትዬ ሠርኬም በሩን ዘግተው፣ ባላቸውን ግንባራቸው ላይ ሳሟቸው።

ስለዚህ ክብር ይሁን ለመዋዒው ለጋሼ አስናቀው! ብዙዎች ጀግኖች ሮጠው፣ ብዙዎችም ወግተው ድል ነሡ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን በእጁ ማርኮ፣ ስምንት ነፍስ ከቢላ ያዳነ ግን ከእርሳቸው በፊት አልተሰማም። ስማቸው በቧንቧው ወረፋ ይነገር፣ ዝናቸው እስከ አውቶቡስ ተራ ይሻገር፣ ባንኮኒውም ባለበት ይጽና። ይህ ሁሉ ውዳሴ ሲነበብ ዶሮዎቹ ተኝተው ነበርና አንዱንም አልሰሙም።