ኩርግ ማን አለሽ?

እኛ ሰው ለማየት እንጂ አገር ለማየት አንሄድም። ለልጅ ክርስትና፣ ለእህት ሠርግ፣ ለአጎት ልቅሶ ከሆነ ውቅያኖስ እንሻገራለን። መንገዳችን ላይ ፏፏቴ ቢያጋጥመን አንጠላም፤ ግን ፏፏቴው ጋ የሚያሳድር ዘመድ ከሌለ በጠዋት ተነስቶ መሄድ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ነው። እኔ ራሴ አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ያገኘሁትን የዓመት እረፍት ሁሉ የጨረስኩት ከልቅሶ ቤት ልቅሶ ቤት ስዞር ነው። ስመለስ የሥራ ባልደረቦቼ "ቫኬሽን እንዴት ነበር?" ይሉኛል። ምን ልበላቸው፣ አልቅሼ መጣሁ?

ስለዚህ ለባለቤቴ ለዘነበ "በጥር ህንድ ሄጄ ኩርግ የምትባል ተራራማ አገር ማየት እፈልጋለሁ" ስለው፣ የሚያየውን ኳስ ድምፁን ቀንሶ "ኩርግ ማን አለሽ?" አለኝ።

ማንም የለኝም። የኩርግ ሰው ብዬ የማውቀው አንድ ነው፤ እሱንም ያገኘሁት አሰላ ነው። ሚስተር ፖናፓ ይባላል፣ ጂኦግራፊ ያስተማረን ህንዳዊ። በዚያ ዘመን የተማራችሁ ሁሉ የየራሳችሁ ህንዳዊ አስተማሪ አይጠፋችሁም፤ እንግሊዝኛው እስኪገባችሁ ዓመቱ የሚጋመስ፣ ሲሄድ ግን የምታለቅሱለት። የእኛው በአሰላ ብርድ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ስለ አህጉራት ሲያስተምር ይቆይና፣ ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ያገሩን ተራሮች በጠመኔ ይስልልን ነበር። ጉም የሚያድርባቸው ኮረብታዎች፣ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከተራራ ራስ ላይ ከአንዲት ትንሽ ኩሬ የሚነሳ ትልቅ ወንዝ። አህጉራቱን ረስቻቸዋለሁ። ያቺን ኩሬ ግን አልረሳኋትም።

አስናቀችም አልረሳቻትም። እኔና እሷ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ ስናድግ አብረን ሄደን ኩሬዋን ልናይ በሚካኤል ተማምለናል። ስናድግ የደረሰን ዳላስ ሆነ። እሷ ከከተማው ዳር ፋርመርስ ብራንች ትኖራለች፣ ዌርሃውስ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ መንገዱ ካልተዘጋ ከቤቴ ሃያ ደቂቃ ነው። ሳንነጋገር ሦስት ዓመት ሆነን። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ እናንተንም ከአንድ ወዳጃችሁ የለየው ያው ያገራችን ጉዳይ ነው። እሷ አንድ ነገር አለች፣ እኔ አንድ ነገር መለስኩ፣ ሆድና ጀርባ ሆንን። ቤተክርስቲያን እንኳ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ እንቆማለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኩርግን ያለ እሷ ማየት ሳስበው ሆዴ ይባባል። ግን ስልሳ ሊሞላኝ ነው፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው ዳገት አይወድም። ኩርፊያው እስኪበርድ ብጠብቅ ጉልበቴ ቀድሞ ያልቃል።

እናም ማቀድ ጀመርኩ። ሥራዬ አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ነው፤ ከምገፋቸው አንዲት አሮጊት ህንዳዊት በክረምት እንዳልሄድ፣ ዝናቡና አልቅቱ ሰው እንደማያስወጡ ነገሩኝ። ከባንጋሎር በመኪና ግማሽ ቀን እንደሚፈጅም ከሳቸው ሰማሁ። በእረፍት ሰዓቴ ስልኬ ላይ የኮረብታ ፎቶ እያየሁ ምሳዬ ይቀዘቅዝ ጀመር።

ጥፋቱ የመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለቤተክርስቲያናችን ባልቴት ለእትዬ ዘውዴ ስነግራቸው ነው።

"በጥር ህንድ ልሄድ ነው" አልኳቸው።

እትዬ ዘውዴ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙና "መች አወቅሽው?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"አይዞሽ ልጄ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

ታውቁታላችሁ፣ ከኛ ሰው ህንድ የሚሄድ ወይ ኩላሊቱ ነው ወይ ልቡ። ኮረብታ ሊያይ የሄደ ሰው ወሬው ተሰምቶ አያውቅም። "ኧረ እትዬ፣ ለጉብኝት ነው፣ ኩርግ የሚባል ቦታ" አልኳቸው። "አዎ፣ ለጉብኝት ነው በይ፣ ጠላት አይስማ" ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ጠያቂ አላጣም። ጸበል መጣ፣ ዶሮ ወጥ መጣ፣ ህንድ አገር ቼናይ በቃሬዛ ሄዶ በእግሩ የተመለሰ የአክስት ልጅ ታሪክ መጣ። ሐበሻው ሱፐርቫይዘሬ "ዛሬ አንቺ እንዳትገፊ፣ ዴስክ ላይ ቁጭ በይ" አለኝ። ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር በሽታዬ እየጠናብኝ ሄደ። ዘነበ ራሱ አንድ ቀን እራት ላይ ሰርቆ አየኝና "እውነት ግን ደህና ነሽ?" አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍተው አስናቀች ቆማለች፤ ፀጉሯ ከኋላ ሆኜ በነጠላ ውስጥ ካየሁት ይልቅ ሸብቷል፣ እጇ ላይ ፔርሙዝ አለ።

"አጥሚት ነው" አለች። "ሳይቀዘቅዝ ጠጪው።"

ጠጣሁ። ደህና ነኝ ካልኳት ፔርሙዟን ይዛ የምትሄድ መሰለኝ። በሕይወቴ በሽተኛ መሆን እንዲህ አምሮኝ አያውቅም። ግን እሷን መዋሸት አልቻልኩም።

"አስኒ፣ አልታመምኩም።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"እትዬ ዘውዴ ኮል አድርገው 'ጓደኛሽ አልቆላታል፣ ህንድ ልትሄድ ነው' ሲሉኝ መሬት ከዳኝ። 'ህንድ የት?' ስላቸው 'ኩርግ የሚባል ሆስፒታል' አሉኝ። እና... ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ።"

"ታዲያ አጥሚቱ ለምንድነው?"

"ምን ላድርግ? ጤነኛ ሰው ቤት በምን ሰበብ እመጣለሁ?"

ያን ያለያየንን ነገር አላነሳነውም፤ እዚያው ባለበት ይቀመጥ። ኩባያዬን ሞላችልኝና አንገቷን ደፍታ "ያለ እኔ ልትሄጂ ነበር?" አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ኩሬዋን አሳየኋት። "ሚስተር ፖናፓ አተልቆ ነበር የሚስላት" አለች።

አሁን ትኬቱ ሁለት ሆኗል። እሷ ሞቅ ያለ ሹራብ እንያዝ ትላለች፣ እኔ ጃንጥላ፤ በመስኮቱ ወንበር ከወዲሁ ተጣልተናል። ባለፈው እሑድ እትዬ ዘውዴ ሁለታችንን ከፊት ጎን ለጎን ቆመን አዩንና፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተው መረቁኝ።

"አስታማሚ ማግኘትሽ ደግ ነው። አድኖ ያምጣሽ።"

"አሜን" አልኳቸው። ደህና ነኝ ብል አያምኑኝም። ደግሞስ እነዚያን ሦስት ዓመታት በምን አፌ ደህና ነበርኩ እላለሁ?