በትሉ የሚኮራ ቤት

በሆድ ትል የሚኮራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ያሳደገኝ እንዲህ ያለው ነው። አባቴ ጎባ ገና የድንኳን ሰፈር ሳለች ከሸዋ ዘምተው እዚያው የቀሩ ወታደር ናቸው። የኮሶ ትል የሌለበት ቤት ጥሬ ሥጋ አይቶ የማያውቅ የድሃ ቤት ነው ባይ ነበሩ።

አንድ ቀን ፊደል እየቆጠርኩ ተዝለፈለፍኩ። የኔታ "ልጅዎ ኮሶ ታይቶበታል" ቢሏቸው አባቴ ደረታቸውን ነፉ። ልፈር ወይስ ልኩራ? ግራ ገባኝ። ጎረቤታችን ኦቦ ጃርሶ የኮሶ አበባ ከጫካ አምጥተው፣ ወቅጠው አጠጡኝ። ትሉ ወጣ፤ እኔም ነፍስ ዘራሁ።

አባቴ ከደስታቸው ብዛት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሰንጋ ጣሉ! የመጀመሪያው ጥሬ ጉርሻም ለእኔ ሆነ።

"ጌታዬ፣ ለልጁ እንኳ ቢጠበስለት?" አሉ ኦቦ ጃርሶ።

"ጠብሼ? ሰው ምን ይለኛል!" አሉ አባቴ።

ጎረስኩ። ድግሱ ለእኔ መዳን ነው ወይስ ለትሉ ግብዣ? ኦቦ ጃርሶ ግራ ገብቷቸው አዩኝ፤ እኔም ግራ ገብቶኝ አየኋቸው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ትሉ ተመለሰ። በዚያ ቤት ግራ ያልገባው እሱ ብቻ ነበር፤ መንገዱን ያውቀዋላ!