ሥራ አስኪያጁን ያላወቀ በር

ደብረ ማርቆስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ማኅተሙን ከሌባ ለመጠበቅ በድምፅ ብቻ የሚከፈት በር ያስገጠመ ዕለት፣ ሥልጣኔ ራሷ ደረጃውን ወጥታ የገባች ያህል ንግግር ተደርጓል። የገጠመው ባለሙያ፣ «የሰው ድምፅ አይሰረቅም» አለ። ተጨበጨበ። በሩ የሥራ አስኪያጁን የአቶ አምደሚካኤልን ድምፅ እንዲለይ ተደረገ፤ «በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ» ሲሉት ይከፈታል። መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የሠራችው ጥሩብርሃንም ከሁሉ አስበልጣ አጨብጭባለች።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ አምደሚካኤል ደጀን ለመስክ ሥራ ሄደው ዝናብ ደበደባቸው። በማግስቱ ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶት ገቡ።

«በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ» አሉ በሩ ፊት ቆመው።

«ማንነትዎ አልታወቀም» አለ በሩ፣ በትሕትና።

ሦስት ጊዜ ደስታቸውን ገለጹለት፤ ሦስት ጊዜ አላውቅዎትም አላቸው።

ከደምበጫ የመጡት አቶ መሳፍንት የሚስታቸውን የጤና መድኅን ደብዳቤ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ሽታዬ ኦፕራሲዮኗ ዛሬ ነው» አሏት ጥሩብርሃንን። «እስከ ስድስት ሰዓት ማኅተም ካልተመታበት ተራዋ ያልፋል።»

ጥሩብርሃን አለቃዋን አስመስላ መናገር ትችላለች፤ ሻይ ክበብ ውስጥ ባልደረቦቿን ስታስቅበት ኖራለች። ይህን የማያውቁት አለቃው ብቻ ናቸው። አሁን ካደረገችው እንጀራዋ ሊዘጋ ነው። ሰዓቷን አየች። አገጯን ወደ አንገቷ ሰበሰበች፤ ሆዷን ነፋ አደረገች።

«በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ።»

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ አምደሚካኤል» አለ በሩ፤ ተከፈተም።

ማኅተሙን አውጥታ መታችላቸው። አቶ መሳፍንት እየመረቋት ሮጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ አለቃው በሰለለ ድምፅ።

«ከተሾሙ ጀምሮ» አለች፣ እውነቷን።

ከሰዓት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ጥሩብርሃን ስንብቷን ስትጠብቅ፣ ሰብሳቢው አቶ ወልደ ገብርኤል የመሣሪያውን የዋስትና ወረቀት አነበቡ። መሣሪያው ከቶ አይሳሳትም ይላል።

«ተሳስቷል እንበል?» አሉ።

«ያን ያህል አጨብጭበን?» አለች ጸሐፊዋ የብርጓል።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። በሩን የከፈተው ድምፅ የሥራ አስኪያጁ ስለሆነ ሠራተኛዋ ጥፋት የለባትም። በአንጻሩ ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ግለሰብ ሦስት ጊዜ ወደ ማኅተም ክፍል ለመግባት ስለሞከረ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው።

ማስጠንቀቂያው ለአቶ አምደሚካኤል ደረሳቸው። ገልብጠው አዩት።

«ማኅተም የለውም፤ አልቀበልም» አሉ።

ጥሩብርሃን ጉሮሮዋን እየጠረገች ወደ በሩ ሄደች።