ዶኛ ኡምቤሊና ቤት ምሳ

[ቺሊ አገር፣ ቺሎኤ ደሴት፣ ከባሕሩ በላይ ባለ ጭቃ መንገድ ዳር። ዶን ቤሊሳሪዮ ከሳንቲያጎ የመጣ፣ ጋዜጣ ላይ «የት እንብላ?» የሚል ዓምድ ያለው ሰው ነው። አርቴሚዮ ደግሞ እሱ የቀጠረው ሹፌር፣ የደሴቲቱ ልጅ ነው። ጉም ውስጥ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ፊት ለፊታቸው አራት ረድፍ የእንጨት ጉቶ ብቻ አለ።]

ቤሊሳሪዮ፦ መንገድ ስተሃል አልኩህ፣ ስተሃል!

አርቴሚዮ፦ አልሳትኩም ዶን። የዶኛ ኡምቤሊና ምግብ ቤት እዚሁ ነው።

ቤሊሳሪዮ፦ የቱ ነው እዚሁ? ሰው ጉቶ ላይ ተቀምጦ ነው የሚበላው?

አርቴሚዮ፦ ጉቶዎቹ ላይ ነበር የቆመው፤ ቤቱ ሄዶ ነዋ።

ቤሊሳሪዮ፦ ቤቱ ሄዶ! ወዴት ሄደ ባክህ? ገበያ?

አርቴሚዮ፦ እሱን እንኳ አልሰማሁም። ብቻ ባሕሩ አፈሩን እየበላባት ነው ሲባል...

ቤሊሳሪዮ፦ ዝም በል! እኔ የጻፍኩትን ስማ። [ጋዜጣ ያወጣል] «ቺሎኤ ስትሄዱ ሌላ ቦታ አትድከሙ፤ ዶኛ ኡምቤሊና ዘንድ ብሉ። ቢጫ ቤት፣ ሰማያዊ በር። ዓለም ቢገለበጥ ይህ ቤት ከቦታው አይነቃነቅም።»

አርቴሚዮ፦ ሲያምር! ጉቶዎቹ ግን አላነበቡትም።

ቤሊሳሪዮ፦ ትቀልዳለህ? ነገ ሠላሳ ሰው ይህን ጽሑፍ ይዞ በአውቶቡስ ይመጣል! እኔን አምኖ! ዛሬ ሴትዮዋን አግኝቼ ካልነገርኳት ስሜ አፈር በላ።

አርቴሚዮ፦ ታዲያ ቅድም ዶን አናስታሲዮ ምግብ ቤት ምሳ እየበላን እንጠይቅ ስልዎት ምነው እምቢ አሉ?

ቤሊሳሪዮ፦ ወንበሩ ፕላስቲክ ነዋ! እኔ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጬ አልበላም።

አርቴሚዮ፦ ከሱ ቀጥሎ ያለውስ?

ቤሊሳሪዮ፦ ሰው የለበትም። ሰው የሌለበት ቤት ምግቡ አይረባም።

አርቴሚዮ፦ ሦስተኛውስ?

ቤሊሳሪዮ፦ ሰው በዛበት። ሰው የሚርመሰመስበት ቤት ለምግቡ አይጨነቅም።

አርቴሚዮ፦ እንግዲህ እስካሁን እንከን ያላወጡለት ይሄ የሌለው ብቻ ነው።

[ጉሙ ገለጥ ይላል። ከታች ሆታና የበሬ እምቧታ ይሰማል። አንድ የእንጨት ቤት፣ ጀርባውን ለእነሱ ሰጥቶ፣ በአሥራ አራት በሬና በመንደሩ ሰው እየተጎተተ መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል።]

ቤሊሳሪዮ፦ የፈጣሪ ያለህ! እነዚህ ሰዎች አብደዋል?

አርቴሚዮ፦ ደቦ ነው ዶን። እኛ ጋ ሰው ቦታ ሲቀይር ቤቱን ይዞ ነው የሚሄድ። ጎረቤት ይጎትታል፣ ባለቤት ያበላል።

ቤሊሳሪዮ፦ መንገድ ዘግተው! በል ጥሩምባ ንፋባቸው!

አርቴሚዮ፦ ኧረ በሬ ያስደነብራል! ይልቅ ገመድ እንያዝ። ዓይቶ ማለፍ እኮ ነውር ነው።

ቤሊሳሪዮ፦ እኔ? በዚህ ጫማ? እኔ የምግብ ሰው ነኝ እንጂ በሬ አይደለሁም!

አርቴሚዮ፦ ዶን፣ ምናልባት ይሄ ቤት...

ቤሊሳሪዮ፦ አንተ ዓይን የለህም? እኛ የምንፈልገው ቢጫ ነው። ይሄ ጥላሸት ነው!

አርቴሚዮ፦ ጀርባው እኮ ነው። የዶኛ ኡምቤሊና ጀርባው ምን ይመስል ነበር?

ቤሊሳሪዮ፦ ምኑን አውቄ! ሰው ምሳ የሚበላው በጀርባ በኩል ነው?

አርቴሚዮ፦ እሺ፣ እዚያ ቁጭ ብለው ሲበሉ በመስኮቱ ምን ይታይ ነበር?

ቤሊሳሪዮ፦ [ያመነታል] ባ... ባሕሩ ነዋ። ሌላ ምን ይታያል?

አርቴሚዮ፦ የአሳማው ጉረኖ። መስኮቱ አንድ ነው፣ እሱም ወደ ጉረኖው። ዶን፣ ለመሆኑ እዚያ ቤት በልተው ያውቃሉ?

ቤሊሳሪዮ፦ ሰባት ብሮሹር አንብቤያለሁ!

አርቴሚዮ፦ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እርስዎ ግን ያላዩትን ለሰው ያስናፍቃሉ።

ቤሊሳሪዮ፦ ሂድ ጎትት! ሂድ፣ ከበሬዎችህ ጋር ዋል!

[አርቴሚዮ ሮጦ ገመድ ይይዛል። ዶን ቤሊሳሪዮ መኪናው ውስጥ ሆዱን ይዞ ይቀመጣል። ከሦስት ሰዓት በኋላ አርቴሚዮ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ከንፈሩ ቅባት ሆኖ ይመለሳል።]

ቤሊሳሪዮ፦ ምንድን ነው የምትሸተው?

አርቴሚዮ፦ ኩራንቶ! ጉድጓድ ውስጥ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ፣ ቅጠል ለብሶ የበሰለ። ዛጎሉ ሥጋውን ይዞ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ የአሳማው ሥጋ ከአጥንቱ ራሱ ይለቃል። የድንች ቂጣውንማ ይተዉት! ሦስት ጊዜ ጨመሩልኝ።

ቤሊሳሪዮ፦ [ምራቁን እየዋጠ] ማን ቤት?

አርቴሚዮ፦ የጎተትነው ቤት ነዋ። አዲሱ ቦታ ላይ ሲያዞሩት ፊቱን አየሁት። ቢጫ ነው። በሩ ሰማያዊ።

ቤሊሳሪዮ፦ [ከመኪናው ዘሎ ይወርዳል] አንተ! ለምን አልነገርከኝም?

አርቴሚዮ፦ ልነግርዎ ስጀምር «ዝም በል» አሉኝ። ሹፌር የታዘዘውን ነው የሚሠራ።

ቤሊሳሪዮ፦ ሠላሳዎቹስ? ሠላሳዎቹን ምን ልበላቸው?

አርቴሚዮ፦ ለዶኛ ኡምቤሊና ነግሬያታለሁ። በደስታ ልትሞት! ነገ ወጥ ቤቱ ይጎተታል፤ ሰው አንሷት ነበር። ይጎትታሉ፣ ይበላሉ።

ቤሊሳሪዮ፦ ተመስገን! ስሜ ተረፈ! በል ቶሎ ውሰደኝ፣ ለእኔም አንድ ሰሃን...

አርቴሚዮ፦ ለእርስዎም ጠይቄ ነበር። ገመድ ያልያዘ አይበላም አለች።

ቤሊሳሪዮ፦ ማን መሆኔን አልነገርካትም?

አርቴሚዮ፦ እንዴት አልነግራት! «ለአገሩ ሁሉ የት እንደሚበላ የሚናገር ትልቅ ሰው ነው» አልኳት።

ቤሊሳሪዮ፦ እሺ! ምን አለች?

አርቴሚዮ፦ «እንግዲያውማ እሱ የሚበላበት አያጣም» አለች።