የዳይሬክተራችን አዲስ ሞለኪውል

ሳይንስ የሚያድገው በትሕትና መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ ሕንድ አገር፣ ማይሶር ከተማ ወዳለው ተቋማችን ይምጣና ዳይሬክተራችንን ፕሮፌሰር ናንጁንዳያን ይመልከት። ትሕትናን ለራሳቸው አላስቀሩም፤ ሁሉንም ለዶክተር ሱሎቻና ሰጥተዋታል።

ሱሎቻና ሞለኪውልን በብርሃን የምትለይ ሴት ናት። የላቦራቶሪውን ሥራ የምትሠራው እሷ ስለሆነች፣ ኃላፊነቱም እንዲሰጣት በየዓመቱ ትጠይቃለች። ተቋሙም በየዓመቱ፣ በጥልቅ ሐዘን፣ ይከለክላታል።

"እህቴ፣ ሹመት ሸክም ነው" ይሏታል ዳይሬክተሩ። "ደግሞስ ባልሽ ምን ይላል?"

"መቼ ነው የምትሾሚው ይላል።"

"ቀልደኛ ነው መቼም!"

በዳሳራ በዓል እንደ ወጋችን መሣሪያ ሁሉ ይመለካል፤ መኪናውም፣ መጋዙም፣ ሞለኪውል የሚለየው የላቦራቶሪው ውድ መሣሪያም። ዳይሬክተሩ አበባ አጠለቁለት፣ ኮኮናት ሰበሩለት፤ ከዚያም በቢጫ የእርድ ዱቄት የተነከረ አውራ ጣታቸውን ብርሃን በሚያልፍበት መስታወት ላይ አሳረፉ።

"ኧረ ጌታዬ፣ መስታወቱን ይተዉት! ሳጥኑን ይቀቡት!" አለች ሱሎቻና፤ ጨርቅም አነሣች።

"በረከት አይጠረግም! ጨርቁን አስቀምጪ!"

በማግስቱ ታላቁ ሰው ራሳቸው መሣሪያው ፊት ተቀመጡ። ውኃ መረመሩ፤ አንድ ያልታወቀ ሞለኪውል አገኙ። ወተት መረመሩ፤ እዚያም አለ። የግቢውን ድንጋይ መረመሩ፤ እዚያም! የፍጥረት ሁሉ መሠረት መገኘቱን ለጋዜጠኞች አበሠሩ፤ ስሙንም በትሕትና "ናንጁንዲን" አሉት።

"ጌታዬ፣ ይሄ እኮ እርድ ነው" አለች ሱሎቻና።

"ምቀኝነት ነው!"

"ትናንት ወጤ ውስጥም ነበር።"

"አያችሁ? ወጥ ውስጥም አለ!"

አጨበጨብን።

ግኝቱን ለማረጋገጥ ከዴልሂ መርማሪዎች መጡ። አንደኛው መስታወቱን በመሐረቡ ጠረገ፤ ናንጁንዲንም ከፍጥረት ዓለም በሙሉ ጠፋ።

"የዚህ ላቦራቶሪ ኃላፊ ማን ነው?" ሲል ጮኸ።

ዳይሬክተሩ በክብር ተነሡ። "ዶክተር ሱሎቻና ናት። ከበዓሉ በፊት ጀምሮ።"

"እኔ?" አለች።

"ሹመት ያዳብር!" አልናት በአንድ ድምፅ፤ አንዳንዶቻችንም እጇን ጨበጥናት። መርማሪው ስሟን መዘገበና፣ ለደረሰው ውርደት ተጠያቂ በመሆኗ፣ እዚያው ከኃላፊነት አነሣት። ሻይ እንኳ ገና አልቀረበም ነበር።

በዓመቱ ሱሎቻና እንደ ልማዷ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ ጠየቀች። እሳቸውም በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እህቴ፣ አንዴ ሾመን አየንሽ እኮ።"