የእመት ሊያው እንቁላል

ይታወቅ! ፀሐይ ትስማ፣ ዝናብም ጆሮውን ያቅና! ቁመታቸው ከሩዝ ጋን እምብዛም የማይበልጠው ክብርት እመት ሊያው ጉዪሺያንግ፣ የቀንና የሌሊት ዳኛ፣ የድንቢጥ መንቆር ለጓሚ፣ የዚህ ጠባብ መንገድ ባላባት፣ ፀደይ ዛሬ እኩሌታው ላይ እንዲደርስ ፈቅደዋል።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለች ሴት አትታጣም። የቀን መቁጠሪያ እሷን ሳያማክር አይታተምም፤ የኮክ ዛፍ ሳያስፈቅድ ቢያብብ ይሰደባል። እኔ የእኛይቱ ጎረቤት ነኝ፣ የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ዕለት ገና በማለዳ በዚያ ግድግዳ ላይ የሚወርደው የቀርከሃ ዱላ ለእኔ የታሰበ ነው።

«ተነስ አንተ ቀለም ጨራሽ! ቀኑ እየጠበቀህ ነው!»

«ቀኑ የት ይሄድብኛል፣ እማማ?»

«ቀን አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሰው ነው!»

ይህች መፈክራቸው ናት። ከዚያ ወደ ማሳው ይነዱናል። የሚያጣብቅ ሩዝ አድበልብለን ቀቅለን፣ በቀርከሃ ስንጥር ሰክተን ማሳው ዳር እንተክላለን። ድንቢጥ ስትበላው መንቆሯ ይጣበቃል፣ ዘሩም ይተርፋል። ይባላል። መንቆሯ የተጣበቀ ድንቢጥ አይቼ አላውቅም፤ ወፍራ ለመብረር የተቸገረች ግን ሞልታለች። ይህን ብነግራቸው፣ «አንተስ ዓመቱን ሙሉ ሩዜን ትበላ የለ? አፍህ መች ተጣበቀ?» አሉኝ።

ገበያ ሲገቡ ደግሞ ሥጋ ሻጩን ኩዋንግን ላብ ያጠምቀዋል። «ዛሬ ሰማይ እንኳ ብርሃንና ጨለማን ሳያዳላ መዝኗል፤ አንተ ሚዛን ላይ አውራ ጣትህን ታስተኛለህ?» ኩዋንግ፣ ያ አሳማ በአንድ ምት የሚጥል ጉልበተኛ፣ ጣቱን ከጀርባው ይደብቃል።

የዕለቱ ዘውድ ግን እንቁላሉ ነው። በዚህ ቀን ትኩስ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እመት ሊያው ከሙሽርነታቸው ጀምሮ አንዴም ወድቆባቸው አያውቅም። እኔ «እንቁላል በማንኛውም ቀን ይቆማል፣ ትዕግሥት ነው» እላለሁ። «እስቲ አቁመህ አሳየኛ!» ይሉኛል። አቁሜ አላውቅም።

ዘንድሮ ልጃቸው ዌንቢን ከሚኖርበት ከቻንግሻ ከተማ መኪና ይዞ መጣ። ክረምቱን በረዶ አዳልጧቸው ከወደቁ ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ብቻቸውን መኖራቸው ልጁን እንቅልፍ ነስቶታል። እንሂድ ብሎ ሲለምናቸው «እንቁላሌ ያልቆመ ቀን እሄዳለሁ» ብለውት ነበር። ሻንጣቸውን አዘጋጅቶ በር ላይ አቁሞታል።

ጠረጴዛ ላይ መውጣት የምትወደው ድመታቸው ተባረረች፤ ሰፈሩ ጠረጴዛውን ከበበ። እንቁላሉ ተንከባለለ። ደግመው ያዙት፤ ተንከባለለ። ዌንቢን ሻንጣውን አየና አፍሮ ዓይኑን መለሰ። ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁ።

ድንገት እንቁላሉን አንስተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «አንተ ምላሳም፣ አቁመው።»

«እማዬ፣ እንዲህ አልተባባልንም!» አለ ዌንቢን።

«እጄ አልኩህ? እንቁላሌ ነው ያልኩህ። ዶሮዋ የማን ናት፣ የጎረቤት?»

እንቁላሉ ሞቅ ያለ ነበር። ጣቶቼን አላላሁ። ውስጡ አንድ ከባድ ነገር በዝግታ ወርዶ ቦታውን ሲይዝ ተሰማኝ። ለቀቅሁት።

ቆመ።

በጥቁሩ እንጨት ላይ፣ ነጭ፣ ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው። በመስኮት የገባው ብርሃን ግማሹን አበራው፤ ግማሹን ለጥላ ተወለት። ኩዋንግ ቆቡን አወለቀ። ዓመቱን ሙሉ የምትለፈልፈው የእኔ ምላስ ላንቃዬ ላይ ተጣብቃ ቀረች። ለካ ያ ሩዝ ይሠራል!

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ከቆመ ትቀሪያለሽ» አለ ዌንቢን በሹክሹክታ።

«ቀን አይሳሳትም» አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ይኸው አጠገቡ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ፀሐይ ገና ከጣሪያው በላይ ናት። ከርሞ ያ ዱላ ግድግዳዬ ላይ ካላረፈ ማን እንደሚቀሰቅሰኝ እንጃ። ስለዚህ አንተ አንባቢ፣ በእኛ መንገድ የምታልፍ ከሆነ ቀስ ብለህ ርገጥ፤ በር አታላትም፤ እና እባክህ፣ ያቺ ድመት በመስኮቱ በኩል…