የሚማረው መብራት

ሰፊው መንገድ ላይ አዲሱ የትራፊክ መብራት ሲተከል ስንዱ ደስ ብሏት እልል ብላለች። ባሏ ይርዳው አንድ እግሩ አይታዘዝለትም፤ የሚታከምበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። በፊት መኪኖቹን በእጁ የሚያስቆመው ትራፊክ ፖሊስ የመጨረሻዋ አሮጊት እስክትሻገር ይጠብቅ ነበር። እሱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና በእሱ ቦታ የካሜራ ዐይን ያለው ምሰሶ ተተካ።

ሊያስተዋውቅ የመጣው ኃላፊ የሰፈሩን ሰው ሰብስቦ፣ "ይሄ እንደ ድሮው አይደለም። ከላይ ሆኖ ያያችኋል። ከአካሄዳችሁ እየተማረ የሚበቃችሁን የመሻገሪያ ጊዜ ይሰጣችኋል" አለ። ተጨበጨበ።

እውነትም መጀመሪያ ላይ ቸር ነበር። አረንጓዴው ሲበራ ይርዳው ከዘራውን እየተከለ፣ መሀል ላይ ትንፋሽ ወስዶ ይሻገራል። ግን የሰፈሩን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ይሉኝታ ይገድለዋል። ያ ሁሉ መኪና ቆሞ ሲጠብቀው እንዴት ቀስ ይላል? ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ለሾፌሮቹ እጁን እያነሳ ሮጠ። መብራቱም አየ። በማግስቱ የአረንጓዴውን ጊዜ ትንሽ ቀነሰ። ሰውም የባሰ ሮጠ፤ ቀድሞ የተሻገረው ደግሞ "ይኸው፣ ይበቃል እኮ" እያለ ይኩራራ ጀመር። ስንዱም ከነሱ አንዷ ነበረች።

"በሞቴ ቀስ በይ፤ እግሬን" ይላታል ይርዳው።

"ሰው ምን ይለናል? ቻል አድርገው" ትለዋለች፣ ክንዱን እየጎተተች። ይችለዋል። መቻሉንም ያ ዐይን ያይለታል።

አንድ ጠዋት ክንዱ ከእጇ አመለጠ። ከዘራው ወድቆበት ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ መብራቱ ለመኪኖቹ ተለወጠ። ስንዱ ማዶ ደርሳ ዞር ስትል ይርዳው አስፋልቱ ላይ ነበር፤ አልተነሳም።

ያው ኃላፊ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከልቡ አዝኗል። "መብራቱ ግን አልተሳሳተም" አለ፤ "ለሁሉም ሰው ይበቃል። እስከ ዛሬ አነሰኝ ያለም የለም።" እውነቱን ነውና ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አንገቱን ደፋ። ስንዱን አንጀቷን ያሳረራት ግን ያ "ቻል አድርገው" ያለችው ቃል ነበር።

ከአርባው በኋላ የባሏን ከዘራ ይዛ መንገዱ ዳር ቆመች። አረንጓዴው በራ። ሰው ሁሉ ሮጠ። እሷ በይርዳው እርምጃ ገባች፤ ከዘራውን እየተከለች፣ መሀል ላይ ትንፋሽ እየወሰደች። እዚያው እንዳለች ቀዩ በራባት። ክላክሱ ከየአቅጣጫው ጮኸ። ቀድሟት የተሻገረ ጎረቤቷ ከማዶ ሆኖ፣ "ስንዱ፣ ኧረ ቶሎ በይ፤ ያይሻል" አላት።

ቀና ብላ ምሰሶውን አየችው።

"ይየኝ፤ ቀስ ማለትንም ይማር። ቶሎ ቶሎ እያልንለት ነው እዚህ ያደረስነው።"